ከ«አይዞህ» በፊት፦ የሚሰቃይ ሕመምተኛን እንዴት እናዳምጥ

ይህን የምጽፈው አልጋ አጠገብ ለምትቀመጡ ነው፤ ለሚያስታምም ልጅ፣ ለእህት፣ ለባል፣ ሥራ ለጀመረች ነርስ። ካንሰርና ሌሎች ጽኑ ሕመሞች ያለባቸው ሰዎች በሚተኙባቸው ክፍሎች ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ዛሬም የሚያንገበግበኝ አንድን ሰው ሳልሰማቸው ማለፌ ነው።

ሰውየው ለጨረር ሕክምና ከወሎ ገጠር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ግፊታቸውን ልለካ ስጠጋ «ዝናብ ጀመረ ወይ?» ይሉኛል። «አዎ አባባ፣ ሲዘንብ ነው ያደረው፤ አይዞዎት» ብዬ ወደሚቀጥለው አልጋ እሄዳለሁ። አራት ቀን እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ወለሉን የምታጸዳው ሴት መወልወያዋን አቁማ «ታዲያ ማን እያረሰልዎት ነው?» አለቻቸው። ለእሷ ሁሉንም አወሩላት። ለመምጫ አንዱን በሬ ሸጠዋል። የቀረው አንድ በሬ ስለሆነ መቀናጆ ካልተገኘ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው። ሌሊት ሌሊት ወገባቸውን ሲያማቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም የሚሉትም «ባሰበት» ተብሎ ቆይታቸው እንዳይራዘም ፈርተው ነበር። እኔ በየጠዋቱ «ሕመም የለም» ብዬ ስጽፍ ነበር የከረምኩት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን የሚደብቀው የሚሰማው ሲያጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ከመቀመጣችሁ በፊት

ስልካችሁን ዝም አሰኙና ኪስ ውስጥ ክተቱት። እጃችሁን ታጠቡ። ስንት ደቂቃ እንዳላችሁ ለራሳችሁ ወስኑ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ካላችሁ «አሁን አሥር ደቂቃ አለኝ፤ ማታ ደግሞ እመለሳለሁ» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ሰዓት እየሰረቁ ከማየት ይህ ይሻላል።

የራሳችሁን ሆድ ደግሞ መርምሩ። ሌሊቱን ወለል ላይ ተኝታችሁ፣ ሳትበሉ፣ የመድኃኒት ገንዘብ ከየት እንደምታመጡ እያሰባችሁ ከሆነ ማዳመጥ አትችሉም፤ ጆሯችሁ ክፍት ሆኖ ልባችሁ ሌላ ቦታ ነው። አስታማሚ ከሆናችሁ በተራ ተቀያየሩ። ነርስ ከሆናችሁ ከፈረቃ በኋላ የሰማችሁትን የምታወሩለት አንድ የሥራ ባልደረባ ይኑራችሁ። እኔ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቡና እየጠጣን፣ የሕመምተኛ ስም ሳንጠራ፣ የከበደንን እንነጋገር ነበር።

2. አቀማመጥ

ዱካ ወይም ወንበር ስባችሁ ዐይናችሁ ከሕመምተኛው ዐይን ጋር እንዲስተካከል ተቀመጡ። ከላይ ቆሞ የሚያወራን ሰው ሊሄድ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አልጋው ጠርዝ ላይ ሳታስፈቅዱ አትቀመጡ፤ የታመመ ሰውነት የፍራሽ እንቅስቃሴ እንኳ ያመዋል። ትልቅ ሰው ከሆኑ ዐይን ዐይናቸውን አትዩ፤ እይታችሁን እጃቸው አካባቢ ብታሳርፉ አክብሮት ነው።

መጠሪያቸውን ጠይቁ። «ምን ብዬ ልጥራዎት?» የምትል ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች። አንዷ እማማ መባል ትወዳለች፣ አንዷ በልጇ ስም መጠራት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ደግሞ «ጋሽ» ከሚባሉ «መምህር» ቢባሉ ቀና ይላሉ። ሰውን «አልጋ 12» ወይም «የጉበቷ ታካሚ» ብሎ መጥራት ግን በፍጹም አይገባም፤ ሲሰሙት ፊታቸው ሲጨልም አይቻለሁ።

የጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ቃሎቹ ትክክል ናቸው። አልጋ አጠገብ ሲደረስ ግን እንዲህ ወዳሉ ትንንሽ ድርጊቶች መመንዘር አለባቸው፤ ዱካ መሳብ፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ስም መጠየቅ።

ጠያቂ ከበዛ «ትንሽ እንድናወራ ውጪ ትጠብቁን?» ማለት ነውር አይደለም። ጎረቤትና የማኅበር ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሰው የሚናገረው የሚያስመሰግነውን እንጂ የሚያመውን አይደለም።

3. ሰላምታን ከመልስ ለዩ

እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንዴት አደሩ?» ስትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ትባላላችሁ። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ቢያድርም መልሱ ያው ነው። አልዋሸም፤ ፈጣሪውን ነው ያመሰገነው። ይህን ሰምቶ «ደህና አድሯል» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ግን ምስጋናን ከምርመራ ጋር ማደባለቅ ነው።

ስለዚህ ሰላምታውን ተለዋወጡ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቁ፣ አትቸኩሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ አምጡ፤ «ተመስገን» ብቻ ሊመለስበት የማይችል መሆን አለበት። «ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነቁ? ምን ቀሰቀሰዎት?» «ትናንት ይበሉት የነበረውን ዛሬ ለምን አልቀመሱትም?» «ከሁሉ የሚያስቸግርዎት የቱ ነው?» የመጨረሻዋን እኔ አብዝቼ እጠቀማታለሁ፤ እኛ ዋና ብለን የምናስበውና ለሕመምተኛው ዋና የሆነው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

4. ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ

እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች ሐኪሞች ሕመምተኛው መናገር ከጀመረ በኋላ በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ እንደሚያቋርጡት ጽፈው ነበር። «ካላቋረጥነው መቼ ያበቃል?» የሚለው ፍርሃት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊዘርላንድ ተፈተሸ። 335 ሕመምተኞች ሳይቋረጡ የሚፈልጉትን ያህል እንዲናገሩ ተተዉ። በአማካይ የወሰደባቸው 92 ሰከንድ ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል።

የእኛ ሰው ዙሪያውን ዞሮ ወደ ነገሩ ስለሚገባ ትንሽ ይረዝም ይሆናል። ቢሆንም ሞክሩት። የሚፈለግባችሁ «እህ» ማለት ብቻ ነው፤ ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ የምትወጣዋ «እ» እንኳ ትበቃለች። ሰውየው ዝም ሲል ቶሎ አትሙሉበት። ዝምታው ውስጥ ቃል እየፈለገ ነው። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ከስምንት በፊት ይቀጥላል።

5. የሕመሙን ቃል እንዳለ ያዙ

አማርኛ ለሕመም ብዙ ቃል አለው፤ እያንዳንዱም ለሐኪሙ ፍንጭ ነው። «ያቃጥለኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል» ያለ ሰው የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የተለመደው ማስታገሻ ብቻውን ስለማይበቃ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይታከላል። «ይቆረጥመኛል» አጥንትና መገጣጠሚያ ይጠቁማል። «ይቆርጠኛል» የሆድ ዕቃ መኮማተር ነው። «ይጠዘጥዘኛል» የሚለው ቁስል ወይም መግል የያዘ እብጠት እንዳለ እንድታዩ ይጠራችኋል። «ይወጋኛል» ሲባል ሲተነፍሱ ይብስ እንደሆነ ጠይቁ። እነዚህን ሁሉ ሰብስባችሁ «ሕመም አለው» ብላችሁ ብትጽፉ ግማሹን መረጃ ጣላችሁት።

ሆድ የሚለው ቃል ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሆድ ብሶኛል» ያለች ሴት የጨጓራ መድኃኒት ታዞላት ስትሄድ አይቻለሁ። ሴትዮዋ የተናገረችው ስለ ብቸኝነቷ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ሐዘኑንም ፍርሃቱንም ምሥጢሩንም ሆዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። «ሆድዎ ሲሉ የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» ስትሉ እጃቸው ደረታቸው ላይ ካረፈ፣ ወይም ጭራሽ ካልተነሣ፣ ነገሩ ሌላ ነው።

መጠኑን ለመለካት እጅን ተጠቀሙ። የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ነው፤ አንድ ጣት ትንሽ፤ አምስቱም ሲዘረጉ ከዚህ የባሰ የለም። ማንበብ ለማይችሉም፣ መናገር ለደከማቸውም ይሆናል። ከመድኃኒቱ በፊትና አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠይቁ፤ አምስት የነበረው ሁለት ከሆነ ሠርቷል፤ አራት ላይ ከቆመ ለሐኪሙ ይነገር።

ሕመምተኛው የእናንተን ቋንቋ የማይናገር ከሆነ ከሠራተኛው መካከል የሚያስተረጉም ፈልጉ። ልጅን ለእናቱ ሕመም አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የሚከብደውን እየዘለለ ይነግራችኋል፣ እሱም የማይገባውን ሸክም ይዞ ያድጋል።

6. ሰሙን ሰምታችሁ ወርቁን ፈልጉ

በቅኔ ያደገ ሕዝብ ስለሞት በቀጥታ አይናገርም። «ዝናብ ጀመረ ወይ?» ወርቁ «አገሬ ልገባ» ነበር። «ሰው አስቸገርኩ» ማለት «ሰለቸኋችሁ ወይ?» ሊሆን ይችላል። «ደከመኝ» የጉልበት ድካም ሊሆን ይችላል፣ የመኖርም። «ነጠላዬን አጥበሽ አስቀምጪልኝ» ያለችኝን ሴት አልረሳትም።

ወርቁን ገምታችሁ ፊታቸው ላይ አትወርውሩት። ቃላቸውን ደግማችሁ መልሱላቸው፦ «ደከመኝ አሉ…» ብላችሁ ቁሙ። ወይም ወደ ጎን ጠይቁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ያደረገችው ይህን ነው። ስለ ሞት ምንም ሳታነሣ ስለ እርሻ ጠየቀች፣ ሰውየውም በዚያው በኩል ገቡ።

የዘመናዊው የማስታገሻ ሕክምና ጅማሬ እንዲህ ካለ ጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ካንሰር ከያዘው ዴቪድ ታስማ ከተባለ ፖላንዳዊ ስደተኛ አልጋ አጠገብ እየተቀመጠች ታዳምጠው ነበር። ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፣ ለሚሞቱ ሕመምተኞች ልትሠራ ለምታልመው ማስታመሚያ ቤት መስኮት እንዲሆን። እሷም ሐኪም ሆነች፤ በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ቤት ለመሥራት 19 ዓመት ፈጅቶባት ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን በ1967 ከፈተች። «አጠቃላይ ሕመም» የምትለው ሐሳቧም ከሕመምተኞች አፍ የተቀዳ ነው፦ የሥጋው፣ የስሜቱ፣ የኑሮውና የመንፈሱ ሕመም ተጋምደው አንድ ይሆናሉ፤ አንዱ ሳይነካ ሌላው አይፈታም። ወሎዬው ገበሬ ወገባቸው ውስጥ የነበረው የተሸጠው በሬም ጭምር ነው።

7. «አይዞህ»ን አዘግዩት

«አይዞህ» ከምወዳቸው ቃላት አንዱ ነው። ጉልበት አለው። ችግሩ የምንናገርበት ጊዜ ነው። ሰውየው «ሌሊት ፈራሁ» እንዳለ «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ካልነው ወሬው እዚያው ይዘጋል። እኛ ፍርሃቱን መስማት ስላልቻልን ዝም እንዲል ጠየቅነው ማለት ነው። «እግዜር ያውቃል»፣ «ከአንተ የባሰ አለ»፣ «እገሌም እንዲህ ሆኖ ድኗል»፣ «አታልቅሺ፣ ልጆቹ ያዩሻል» እንዲሁ ናቸው። ሁሉም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው፤ ሁሉም አፍ ይዘጋሉ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። «ሌሊት ፈራሁ» ሲል፦ «ምን መጣብዎት?» ይናገር። ከዚያ፦ «ከባድ ሌሊት ነበር ማለት ነው።» ይጨምር። ከዚያ፦ «እንደገና ቢመጣብዎት ይቀስቅሱኝ፤ እዚሁ ነኝ።» አሁን «አይዞዎት» በሉት። ቃሉ የሚቆምበት መሬት አግኝቷል።

ለሚያለቅስ ሰው ሶፍት ወይም የነጠላ ጫፍ አቀብሉ፣ ቢፈቅድ እጁን ያዙ፣ ዝም በሉ። እንባ በራሱ ጊዜ ይቆማል።

8. መድኃኒት እምቢ ሲል

ተግሣጽ አይሠራም። ምክንያቱን ጠይቁ። በአፍ የሚሰጠውን ሞርፊን፣ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ፣ ብዙ ሰው የሚሸሸው ሱስ ያስይዛል፣ ወይም የመጨረሻው መድኃኒት ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። አንዲት እናት ግን ከዚህ የተለየ ምክንያት ነበራት። ልጇ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ መደወል የምትችለው ማታ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ብቻ ነው። እናቲቱ መድኃኒቱ ቢያስተኛኝ ድምፅዋ ያልፈኛል ብላ በሕመም ትሰቃይ ነበር። እንቅልፉ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደሚቀል ነገርናት፤ ስልኩ ሲጠራ የሚቀሰቅሳት ሰውም መደብን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወሰደች። (ፈሳሹ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ ነው የሚሰጠው። ሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ እሱንም በየቀኑ ጠይቁ፤ አፍረው አይነግሯችሁም።)

ጠበልም እንዲሁ ነው። «ጠበል ልግባ» ላለ ሰው ክርክር አትክፈቱ። ሊያገኝ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ስሙ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መሄድ የሚችልበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ፈልጉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ያ ንግግራቸው ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ምረጥ ከሚል ጭንቀት አውጥቷል።

9. «ልሞት ነው ወይ?»

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁላችንም መሸሽ እንፈልጋለን። በዚያ ላይ ቤተሰቡ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ብሎ አስጠንቅቋል። ቤተሰቡን አትንቁት፤ የሚፈራው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ግን ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ያውቃል፣ ቤተሰቡ እንዳይጎዳበትም ያላወቀ ይመስላል። ሁለቱም ወገን ለብቻው ሲያለቅስ ያድራል።

መጀመሪያ አትመልሱ፣ ጠይቁ፦ «ይህን ዛሬ ምን አሳሰበዎት?» ቀጥሎ፦ «ሐኪሙ ምን ነገረዎት?» ከዚያ፦ «ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» የሚያውቀውን፣ ማወቅ የሚፈልገውንም ያህል መጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ስፓይክስ የሚባለው ባለ ስድስት ደረጃ የመጥፎ ዜና መንገሪያ መንገድም ክፍል ነው። የዚያ መንገድ የመጀመሪያው ደረጃ ቦታና ሰው ማዘጋጀት ነው። መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌዎቻችን ማልደው፣ ዘመድ ጎረቤት ሰብስበው፣ ባለሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን አድርገው ነው የሚሄዱት። ያንን ጥንቃቄ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ይዛችሁ ግቡ። ኮሪደር ላይ፣ በቁም፣ ወረቀት እየሰጡ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሐኪም ካልሆናችሁ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ይህን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ አብረን እንጠይቀዋለን። እስከዚያ ግን የሚያስፈራዎትን ይንገሩኝ።» አትዋሹ፣ «ትድናለህ» ብላችሁም ቃል አትግቡ። የሚያስፈራው ነገር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እጅ የሚደርስበት ነው፤ ሕመሙ እንዳይጠና፣ ብቻውን እንዳይሆን፣ ዕዳ እንዳይቀር፣ ንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ እንዲጠሩለት፣ አፈሩ አገሩ እንዲሆን። ይህ የመጨረሻው ምኞት ጊዜ የሚሻ ነው። አስከሬን ከማጓጓዝ ሰው በሕይወቱ ቢገባ ለቤተሰቡም ይቀላል፣ ለእሱም ምኞቱ ይደርሳል።

«ራሴን ባጠፋ» የሚል ቃል ከሰማችሁ በሆዳችሁ አትያዙት። ብቻውን አትተዉት፣ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። የሰማችሁትን ለሚመለከተው እንደምትናገሩም ለእሱው ንገሩት።

10. መናገር ለማይችል

ግንባሩ ሲቋጠር፣ እጁ አንሶላውን ሲጨብጥ፣ ስታገላብጡት ሲያቃስት ያ ንግግር ነው። እንደሚሰማ ሰው ቁጠሩት፤ ስማችሁን ንገሩት፣ የምታደርጉትን ንገሩት፣ በራሱ ላይ ስለሱ አትነጋገሩ።

11. የሰማችሁትን ለሚመለከተው አድርሱ

ማዳመጥ ሰምቶ መቅረት ከሆነ ሕመምተኛው ሁለተኛ አይናገርም። «ይህን ለሐኪሙ ልንገረው?» ብላችሁ አስፈቅዱና በራሱ ቃል ጻፉት። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ አራት ጣት። የማልናገረው ቆይታዬ እንዳይራዘም ፈርቼ ነው።» የአባባን ጉዳይ ስንጽፈው ማስታገሻቸው ተስተካከለ፣ መውጫ ቀናቸውም ተነገራቸው። በዚያ ሳምንት ስለ ዝናብ አልጠየቁኝም፤ ስለ በሬው ቀለም ነበር የሚያጫውቱኝ።

12. ስትወጡ

«ያልጠየቅሁዎት ነገር አለ?» በሉ። መቼ እንደምትመለሱ ተናገሩ፤ መምጣት ካልቻላችሁ ሰው ልካችሁ ንገሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው ሄዳችሁ በሩን ስትይዙ ነው። «አይ፣ ምንም አይደለም እንጂ…» ብሎ ይጀምራል። ያን ጊዜ ተመልሳችሁ ዱካውን ሳቡና ቁጭ በሉ።